በምድር ቤት ብቻውን ስለሚናገረው ፕሮግራም

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ማዕከሉ የቀጠሮና የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ሰሞኑን ለቢሮዎ የተገዛው የሚሽከረከር ወንበርም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ዓይንዎ ደኅና እንዲሆን እመኛለሁ፤ ዓይንዎን ካመመዎ ቀጠሮ ለመያዝ ወደ ራስዎ ድረ ገጽ መሄድዎ ነውና፣ እንዲህ ያለውን ነገር እንኳን ለእርስዎ ለሚጠላኝ ሰውም አልመኘው።

ቅር አይበልዎትና አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅ። የችሎት ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖርኩት ሰው ሲናገር በመጻፍ ነው። ምስክር እያለቀሰ ቢናገር እጽፋለሁ፤ ጠበቃ አርባ ደቂቃ ዙሪያ ጥምጥም ቢሄድ አብሬው እየዞርኩ እጽፋለሁ፤ አንድ ተከሳሽ በሹክሹክታ የሰደበኝን ሳይቀር ጽፌ ፈርሜበታለሁ። በእኛ ቤት ቃል ጠፍቶ ቢገኝ የሚጠየቀው የተናገረው ሰው ሳይሆን ያልሰማው ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲናገር የሚውል፣ ነገር ግን ቃሉን የሚቀበል ያልተመደበለት ፕሮግራም በመሥሪያ ቤትዎ ምድር ቤት እንዳለ በሰማሁ ጊዜ ሙያዬ እንደተነካ ነው የተሰማኝ። ደብዳቤውን የምጽፈው ግማሹን የእናቴ ልጅ ሆኜ፣ ግማሹን ጸሐፊ ሆኜ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አርባ ዓመት ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የሰፈሩን ሰው ስታለብስ ኖራለች። አምና ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት። መጀመሪያ መርፌውን ወቀሰች፤ ቀጥላ ክሩን፤ ከዚያ አምፖሉን፤ በመጨረሻም አምፖሉን በደንብ አልወለወልሽም ብላ እኔን። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሐኪም ግን መርፌውም አምፖሉም እኔም ነፃ መሆናችንን፣ በሽታው የዓይን ግፊት መሆኑን ነገሩን። ይህ በሽታ አንዴ የወሰደውን ብርሃን እንደማይመልስ፣ ያልወሰደውን ግን በጊዜ ከተደረሰ ማትረፍ እንደሚቻል አስረድተው ወደ እርስዎ ማዕከል ላኩን። ክቡርነትዎ ይህችን «በጊዜ» የምትለውን ቃል በትዕግሥት እንዲይዙልኝ እለምናለሁ።

ቅሬታዎቼን፣ ክፍልዎ ሥርዓት ወዳድ መሆኑን ስለማውቅ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በማዕከሉ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ቀጠሮ የሚያዘው በድረ ገጽ ብቻ መሆኑን ስለሚያበስር፣ የእናቴን ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ አስገብቼ «መዝግብ» የሚለውን ተጫንኩ። ዓይኔን ሳልጨፍን በአረንጓዴ ቀለም፣ «ጥያቄዎ በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል፤ በስልክ እስክንጠራዎ ይጠብቁ፤ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከየትኛውም መሥሪያ ቤት በዚህ ፍጥነት የተመሰገንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እሷም ትልቅ ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ ያመሰገናት መስሏት ሻሿን አስተካከለች። ሦስት ወር ጠበቅን። ስልክ አልተደወለም። እንደገና መዘገብኩ፣ እንደገና ተመሰገንን። ሁለት ወር ጠበቅን። ለሦስተኛ ጊዜ መዘገብኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተመሰገንን፤ ሌላ ሁለት ወር። በዚህ መሃል እናቴ በቀኝ ዓይኗ ማየቱን ትታ በግራው ብቻ ትሰፋ ጀመር፤ ለጎረቤታችን ልጅ ሠርግ የሰፋችው ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው በሦስት ጣት አጠረ። ሙሽራው ጨዋ ስለሆነ ሠርጉን በሙሉ ተቀምጦ ዋለ። እናቴ ግን ልጁ ለምን ለጭፈራ እንዳልተነሳ ገብቷት ስለነበር ከዚያ ቀን በኋላ ትዕዛዝ መቀበል አቆመች። ስፌት መኪናዋን አልብሳ አስቀምጣዋለች፤ ስታልፍ ስታገድም ግን እጇ ሳታስበው ይዳብሰዋል።

ሁለተኛ። በእነዚያ ሰባት ወራት ሠራተኞችዎ ስላሳዩን መስተንግዶ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የበሩ ዘበኛ፣ «ገጹ አመስግኖዎታል አይደል? ታዲያ ምን ቀረዎት?» ብለው በቅንነት መልሰውናል። ዘበኛውን አልፈን የደረስንበት የመስኮት ሁለት ሠራተኛ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ፣ «የእናትሽን ስም እዚህ ካየሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ሲል ማለልን፤ በዓይን ሕክምና ማዕከል ውስጥ እንዲህ ያለ መሐላ መስማት እንዴት ልብ እንደሚያሳርፍ ልነግርዎ አልችልም። መፍትሔው ምን እንደሆነ ስንጠይቀው በድረ ገጹ እንደገና መመዝገብ እንደሆነ አስረዳን። ከዘበኛ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ገጽ፣ ከገጽ ወደ ምስጋና እየተመላለስን ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ። አንድም ቀን ግን ክፉ ቃል የተናገረን አልነበረም፤ ይህንን በሐቅ እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ። በሰባተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ከእናቴ ጋር በኮሪደርዎ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ወለሉን የሚወለውሉ አንዲት ሴት እግራችንን እንድናነሳላቸው ሊጠይቁን ቀረብ አሉ። በሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «እትዬ» ብቻ ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። እትዬ በእናቴ እጅ የነበረውን ካርድ አዩት። ካርዱ የድሮው ዓይነት ነው፤ ጠርዙ የተበላ፣ ስድስት አኃዝ ያለው። መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ካርዱን ጠጋ ብለው አነበቡና፣ «ለካ እኚህ ናቸው! ሦስት ጊዜ እኮ ነው የመለሳቸው» አሉ።

ማን ነው የመለሳት ብዬ ጠየቅኩ። በምድር ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል በየጠዋቱ አቧራ ሲያራግፉ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ስክሪን እንዳለ፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲሮጥ እንደሚውል ነገሩኝ። ጽሑፉ የካርድ ቁጥርና ስልክ ይጠራና፣ «ቁጥሩ ስምንት አኃዝ መሆን አለበት፤ አልተመዘገበም» ይላል። ክፍሉ ይቆለፋል፤ ወንበር እንኳ የለውም። እትዬ የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ያነበዋል ብለው ጠበቁ። በሁለተኛው ሳምንት ለመረጃ ክፍል ሠራተኞች ነገሯቸው፤ ስክሪኑን እንዳይነኩ በጥብቅ ተነገራቸው። በሦስተኛው ሳምንት የሰው ስልክ እየታየ ሲጠፋ አላስችል ስላላቸው የልጃቸውን የተረፈ ደብተር ይዘው መጥተው መገልበጥ ጀመሩ። ጠዋት ሲያጸዱና ማታ በሩን ሲዘጉ የደረሱበትን ብቻ ጽፈው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሞልቷል። ያመለጣቸው ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሁሉም የድሮ ካርድ የያዙ ናቸው፤ የድሮ ካርድ የሚይዘው ደግሞ ማን እንደሆነ ለክቡርነትዎ አልነግርም፤ ሽማግሌና አሮጊት ነው።

መድኃኒቱን የነገሩኝም እትዬ ናቸው፦ ከቁጥሩ ፊት ሁለት ዜሮ መጨመር። እዚያው አግዳሚው ላይ በስልኬ ጨመርኩ። አረንጓዴው ምስጋና መጣ። ነገር ግን ምስጋናው ለተመዘገበውም ላልተመዘገበውም አንድ ስለሆነ ልናምነው አልቻልንም፤ እትዬ በስልሳ ዓመታቸው አርባ ደረጃ ወርደው፣ ስክሪኑ ስለ እናቴ ምንም አለማለቱን አይተው፣ አርባ ደረጃ ወጥተው፣ «ዝም ብሏል፤ ገብተዋል» ብለው አበሠሩን። የማዕከሉ የማረጋገጫ ሥርዓት የእኚህ ሴት ጉልበት መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው። በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለልን።

አራተኛ። ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ፕሮግራም በመጻፍ የምትተዳደረውን ታናሽ እህቴን ጠየቅኳት። እህቴ ነገር ስታስረዳ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ታንቀሳቅሳለች፤ እኔ ግን የጨው ዕቃውንና ማንኪያዎቹን ትቼ ፍሬ ነገሩን ላቅርብ።

ድረ ገጽዎ ራሱ ማንንም አይመዘግብም። የመመዝገቡን ሥራ የሚሠራው ዛሬ ጡረታ የወጡ አንድ ባለሙያ ከብዙ ዓመት በፊት የጻፉት አሮጌ ፕሮግራም ነው። ሰው «መዝግብ» ሲል ገጹ ያንን ፕሮግራም ከሥሩ ያስነሳዋል፤ በእነ እህቴ ቋንቋ ገጹ እናት፣ የተነሳው ፕሮግራም ልጅ ይባላል። ልጁ ለንግግር ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው ተራውን ወሬ ያወራል፤ በሁለተኛው ችግር ሲያገኝ አቤት ይላል። እናት ልጇ ምን እንዳለ ማወቅ ከፈለገች ሁለቱንም መንገድ ይዛ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ አለባት። የእርስዎ ገጽ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ከእሱም ቢሆን የመጀመሪያዋን መስመር። ልጁ ደግሞ ሥራ ሲጀምር በአንደኛው መንገድ፣ «ሥራ ጀምሬአለሁ» ይላል፤ የሠሩት ባለሙያ ሰላምታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ገጹ ይህችን ሰላምታ ይሰማና ሁሉ ነገር አለቀ ብሎ ሕዝቡን ያመሰግናል። ልጁ ቀጥሎ በሁለተኛው መንገድ፣ ኧረ አልተመዘገበም፣ ኧረ ቁጥሩ አጠረ እያለ ቢጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጩኸቱ መሄጃ ሲያጣ የተነሳበት ማሽን ስክሪን ላይ ይፈስሳል፤ እዚያ ደግሞ እትዬና ጨርቃቸው ብቻ ናቸው ያሉት።

እህቴ እንደምትለው ይህንን ማስተካከል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እኔ ግን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሰባት ወር መጠበቃችንን እንደ ክብር ቆጥሬዋለሁ።

ይልቁንስ የገረመኝ ፕሮግራሙ ድሮ ሰሚ እንደነበረው መስማቴ ነው። እትዬ እንዳጫወቱኝ ከድረ ገጹ በፊት መስኮት አምስት ላይ አንዲት ሴት ጥቁሩን ስክሪን ፊት ለፊታቸው አድርገው ይቀመጡ ነበር። ፕሮግራሙ ለእሳቸው ይናገራል፤ እሳቸው በመስኮቱ ቀዳዳ ለሰው ይናገራሉ፦ «አባባ፣ ቁጥርዎ አጥሯል፤ ሁለት ዜሮ ላስገባልዎ?» ሽማግሌው እሺ ይላል፣ ይመዘገባል፣ ይሄዳል። ሥርዓቱ በተዘመነ ጊዜ ፕሮግራሙ ከመስኮት አምስት ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ ሴትየዋ ጡረታ ወጡ፣ መስኮቱ በኮምፔንሳቶ ተመታ። ፕሮግራሙ ግን አሁንም እሳቸው ፊቱ የተቀመጡ መስሎት ያንኑ ሲነግራቸው ይውላል። ዘመናዊ ስታደርጉት የቆረጣችሁት አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበር፤ ለካ ጆሮው እሳቸው ኖረዋል።

አምስተኛ። እህቴ ይህንን ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፋ ለክፍልዎ አስገባች። ክፍልዎ የወሰደው ፈጣን እርምጃ ሳይወሳ ቢቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

የመጀመሪያው እርምጃ ልጁ ያየውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር በዝርዝር እንዲናገር ማዘዝና ሁለተኛውን መንገድም መያዝ ነበር። ግሩም ነው። ችግሩ ገጹ መንገዱን ያዘ እንጂ ማንበብ የሚጀምረው ልጁ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ እንዲሆን መደረጉ ነው። ቃል የሚተላለፍበት ቧንቧ ደግሞ የሚይዘው የተወሰነ ነው። ልጁ ዝርዝሩን ሲያወርድ ቧንቧው ሞላ፤ ስለዚህ «እናቴ ትንሽ ታንብብልኝ» ብሎ ቆመ። እናት በበኩሏ ልጄ ይጨርስና አነባለሁ ብላ ቆመች። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ እንደሚባባሉት፣ የማዕከሉ ምዝገባ ሰኞ ጠዋት በዚህ ትሕትና ተዘግቶ እስከ ረቡዕ ዋለ አደረ። በሦስት ቀን አንድም ሰው አልተመሰገነም።

ሁለተኛው እርምጃ ከዚህ የባሰ ለጋስ ነበር። ገጹ ልጁ የተናገረውን ሁሉ ሳያጣራ ሕዝብ ፊት እንዲዘረግፍ ተደረገ። ያን ሐሙስ ነገሩ ተስተካክሎ እንደሆነ ለማየት ስገባ ከአረንጓዴው ምስጋና በታች ከእኔ በፊት የተመዘገቡ ሰዎች ስም፣ ስልክና ከካርዳቸው የተነበበ ሕመም ተደርድሮ አገኘሁት። የቀድሞ አከራያችን የሚያይበት አንድ ዓይኑ ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ ነው፤ ለካ ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት መንገድ ላይ ሰላም የማይለኝ ኮርቶ አልነበረም። ለዚህ ዕርቅ ክፍልዎን አመሰግናለሁ፤ አከራያችን ግን ምስጢሩ ለምን እንደወጣ ቢጠይቅዎ መልስ ያዘጋጁ።

ሦስተኛው እርምጃ ሁሉንም ወደ ነበረበት መመለስ ሆነ። ሰላምታዋን ብቻ መስማት፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም እንደ ድሮው። በእርግጥ አንድ ለውጥ አለ፦ «እናመሰግናለን» የነበረው «ከልብ እናመሰግናለን» ተብሏል።

ስድስተኛ። ይህኛው ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ከተንገዳገደ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጉዳዩ እንዴት እንደወጣ ሲጣራ የእትዬ ደብተር ተገኘ። ደብተሩ «የመረጃ ደኅንነት ጥሰት ማስረጃ» ተብሎ ታሽጎ በቁም ሳጥን ተቆለፈበት። ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ ከኮምፒውተር ክፍሉም ወደ ልብስ ማጠቢያው ተዛወሩ። ደብዳቤውን አሳይተውኛል። ጥፋታቸው፣ ቃል በቃል፣ «ከሥራ መደባቸው ውጪ በማንበብ» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ክስ ስጽፍ በማንበብ የተከሰሰ ሰው ጽፌ አላውቅም። የሰውን ስልክና ሕመም ለዓለም የዘረገፈው ገጽ ያልተሰጠውን ማስጠንቀቂያ፣ ያንኑ ስልክ ሰው እንዳይጠፋ ብለው በእርሳስ የጻፉ ሴት ተቀብለዋል። ስክሪኑም ከእንግዲህ ማንም እንዳያነበው ተነቅሎ ተወስዷል። ልጁ አሁን የሚናገረው ለግድግዳ ነው።

ክቡር ሆይ፤ የእናቴን ነገር ሳልጨርስልዎ ቀረሁ። በተደወለልን ቀን የመረመሯት ሐኪምዎ ወጣትና ደግ ሴት ናቸው። መሣሪያቸውን ደጋግመው አዩ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እናቴ አስጠግተው፣ «እማማ፣ ቀኙ ሄዷል፤ ግራውን ግን አንለቅም» አሏት። ከስድስት ወር በፊት ብትመጣ ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ እንደነበር የነገሩኝ እኔን ብቻ ነው፣ በሩ ጋ፣ ቀስ ብለው። ግራው የሚቀደደው የፊታችን ሐሙስ ነው። እናቴ አልተቆጣችም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ያመሰገናት ሰው ምናልባት ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ ስለ እርስዎ ተከራከረችኝ። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። በጣም ተቆጥቻለሁ፤ ይህንን በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አልተሳካልኝምና እንዳለ ይቀበሉኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገጹ ልጁን በሁለቱም መንገድ፣ እየተናገረ እያለ፣ እስከ መጨረሻው ይስማው፤ የሰማውንም ለባለጉዳዩ፣ ለራሱ ለባለጉዳዩ ብቻ፣ በግልጽ ይንገረው። አልተመዘገበም ካለ አልተመዘገቡም ይበል፤ በቀይ ይበል፣ ምስጋናም አያስፈልግም። የእትዬ ደብተር ከቁም ሳጥን ይውጣ፤ በደብተሩ ላይ ላሉት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ይደወልላቸው። ዛሬም ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አድርገው ጥሪ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። እትዬም ማስጠንቀቂያው ተነስቶላቸው ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ምናልባት ክፍልዎ ጥናት፣ ኮሚቴና ንዑስ ኮሚቴ እስኪያቋቁም ጊዜ ይፈልግ ይሆናል፤ እስከዚያው ግን በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ሥር፣ «ካርድዎ ስድስት አኃዝ ከሆነ ከፊት ሁለት ዜሮ ይጨምሩ» የምትል አንዲት መስመር በእስክሪብቶ መጻፍ ይቻላል። እስክሪብቶ ከጠፋ እኔ አመጣለሁ።

ይህንን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ በማንበብ፣ ገጽዎ በሰባት ወር ያልሠራውን ሥራ በአንድ ቁጭታ ስለፈጸሙ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለክፍልዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሠራተኞችዎ ብርታትን፣ ለሚሽከረከረው ወንበርዎም ቀጥ ብሎ መቆምን እመኛለሁ።

ሦስት ጊዜ የተመሰገነችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣
የማንንም ቃል የማታስቀረው ታዛዥዎ፣
የችሎት ጸሐፊዋ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሙያዬ ግልባጭ ሳልይዝ የምቀመጥ ሰው ስላልሆንኩ፣ የእትዬ ደብተር ከመታሸጉ በፊት ቅጂው እኔ ዘንድ ገብቷል። ለማንም አላሳየሁትም፤ ነገር ግን እርስዎ እስኪደውሉ ድረስ እኔና እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ መደወል ጀምረናል። እስካሁን ስልሳ ሦስት ሰው ደርሰናል። የአራቱን ስልክ ያነሱት ልጆቻቸው ናቸው፤ ቀጠሮው ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ነግረውናል። ሃምሳ ሰባተኛው ላይ አንድ ደስ የሚሉ ሽማግሌ አነሱ። ከቁጥራቸው ፊት ሁለት ዜሮ እንዲጨመር ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አታስቢ፤ የቀጠሮ ክፍሉ ኃላፊ እኮ የገዛ ልጄ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ በእጁ አስመዝግቦኛል፣ አረንጓዴው ሲመጣም አንብቦልኛል» አሉኝ። ዓይናቸው ፊደል ማየት ካቆመ ወዲህ እሑድ እሑድ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር የሚያነቡላቸው እርስዎ እንደሆኑም በኩራት አጫወቱኝ። ይህ ደብዳቤ በእሑዱ ጋዜጣ እንዲወጣ የለመንኩት ለዚሁ ነው። እዚህ መስመር ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ እንዳያደርጉ አደራ፤ አባትዎ ጆሯቸው ደኅና ነው።